የአባለ ዘር በሽታዎችና የገጠር ሴቶች ጤንነት

ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው። ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ፣ ተስቦ በቅማል፣ ወባ በትንኝ፣ ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ ይዛመታሉ። የአባለ ዘር በሽታዎች የሚባሉት ግን በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ናቸው። ከእነዚህም ከፊሎቹ በቫይረስ፣ ከፊሎቹ ባክቴሪያ በተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ጥቂቶቹም በሌሎች ጥገኛ ነፍሳት ይመጣሉ። በዚህ ምንባብ የሚብራሩት በባክቴሪያ የሚመጡት፣ ማለትም ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያና ከርክር ናቸው።

እነዚህ አራት በሽታዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ተገቢው መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ የሚድኑ መሆናቸው ነው። ሆኖም በብዙ የገጠር መንደሮች ሴቶችን ያመክናሉ፤ ፅንስ ያስወርዳሉ፤ ጨቅላ ሕፃናትን ያሳውራሉ፤ ይገድላሉም። የሚድን በሽታ ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርሰው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሽታው በሴት አካል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ምልክት ባሳየ ጊዜም በሃፍረትና በፍርሃት ምክንያት የሚደበቅ መሆኑ ነው። አካል ዝም ሲልና ሰው ዝም ሲል በሽታው ያለ ከልካይ ሥራውን ይሠራል።

የበሽታዎቹ ዓይነትና ጠባይ

ጨብጥን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው አልበርት ናይሰር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣመረ የቡና ፍሬ ይመስላል። ጨብጥ የያዘው ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ ከብልቱም መግል ይወጣል። በዚህ ምክንያት ወንዱ መታመሙን ፈጥኖ ያውቃል።

የቂጥኝ መንሥኤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ያገኙትም ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ይህ ባክቴሪያ ቀጭንና እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ነው። ቂጥኝ በየደረጃው የሚጓዝ በሽታ ነው። በመጀመሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተላለፈ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በገባበት ቦታ ላይ ሕመም የሌለው ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ምንም መድኃኒት ሳይደረግለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በሰውነት ላይ፣ በተለይም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ፣ ሽፍታ ይወጣል፤ እርሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በሽተኛው የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ምልክቱ ጠፋ እንጂ በሽታው አልጠፋም። ባክቴሪያው ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖርና በመጨረሻ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ልብን፣ የደም ሥሮችን፣ አንጎልንና ዓይንን ይጎዳል።

ክላሚዲያ የተባለው በሽታ ስሙ ለብዙ ሰው አዲስ ይሁን እንጂ ዘመዱ በኢትዮጵያ ገጠር በሚገባ የታወቀ ነው። የዓይን ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ ብዙ ሰዎችን ያሳወረው ትራኮማ የሚመጣው ከዚሁ ከክላሚዲያ ዝርያ ነው። በትራኮማ ጊዜ ባክቴሪያው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ወደ ዓይን ይደርሳል፤ የአባለ ዘር በሽታ የሚያመጣው ዓይነት ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ሁለቱም ቀስ ብለው እያቆሰሉ ጠባሳ ይተዋሉ፤ አንደኛው በዓይን ቆብ ላይ፣ ሁለተኛው በማኅፀን ቱቦዎች ውስጥ።

ከርክር የተባለው የሚያምም ቁስልና በብሽሽት ላይ የሚወጣ ንፍፊት የሚያስከትል ነው። የከርክርን መንሥኤ እ.ኤ.አ. በ1889 የገለጸው ኢጣሊያዊው ሐኪም አውጉስቶ ዱክሬ ነበር። ይህ በሽታ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ በጣም ቀንሷል።

የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ 129 ሚሊዮን ያህል አዲስ የክላሚዲያ፣ 82 ሚሊዮን ያህል አዲስ የጨብጥና 7 ሚሊዮን ያህል አዲስ የቂጥኝ ሕመሞች ደርሰዋል። ከዚህ ቁጥር ብዛት የተነሣ በሽታዎቹ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ነውር ናቸው ማለት አይቻልም።

በሽታው በሴቶች ላይ የሚደበቅበት ምክንያት

የሴት አባለ ዘር አብዛኛው ክፍል በሰውነት ውስጥ የሚገኝ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ አስቀድመው የሚያርፉት በማኅፀን አንገት ላይ ሲሆን፣ ይህ ቦታ ከሴቲቱ ዓይን የተሰወረ ነው። በዚያ ላይ የማኅፀን አንገት ሕመምን እንደ ቆዳ አጥብቆ አይናገርም። በክላሚዲያ ከተያዙ አሥር ሴቶች ሰባቱ ያህል ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ በጨብጥ ከተያዙትም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሕመም አይሰማቸውም። የቂጥኝ ቁስልም የማያምም በመሆኑ፣ በማኅፀን አንገት ወይም በብልት ውስጥ በወጣ ጊዜ ሳይታወቅ ወጥቶ ሳይታወቅ ይደርቃል።

ምልክት በሚታይበት ጊዜ ደግሞ ከሌላ ድካም ጋር ይምታታል። ውኃ በእንስራ ከሩቅ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከምና እህል የምትፈጭ ሴት ወገቧን ወይም ከእምብርቷ በታች ሲያማት፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ወይም «የሥራ ብዛት ነው» ብላ ማለፏ የተለመደ ነው። ከበሽታው ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ ግን የሚከተሉት ናቸው፦ መልኩ፣ ብዛቱ ወይም ጠረኑ የተለወጠ የማኅፀን ፈሳሽ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ የሚታይ ደም፣ ትኩሳት ያለበት የታችኛው ሆድ ሕመም፣ እንዲሁም በአባለ ዘር ላይ የሚወጣ ቁስል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈሳሽ ሁሉ የአባለ ዘር በሽታ ምልክት አይደለም። ጤናማ ሴት ሁሉ በተፈጥሮዋ መጠነኛ ፈሳሽ አላት፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የማይመጡ የፈሳሽ ዓይነቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ሴት ፈሳሽ ታየባት ተብሎ ባሏን ከድታለች ብሎ መፍረድ ከዕውቀት ማነስ የሚመጣ በደል ነው። ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ትዳር ያፈርሳል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

ወደ ገጠር የሚገባበት መንገድ

የገጠር ኑሮ ከከተማ የራቀ ስለሆነ ከእነዚህ በሽታዎች የተጠበቀ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ገበያ፣ መንገድ፣ የቀን ሥራ፣ ወታደራዊ ሰፈርና የድንበር ንግድ ከተማንና ገጠርን ያገናኛሉ። በሽታውም በዚሁ መንገድ ይጓዛል።

ለምሳሌ ያህል በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ያሉት የሰሊጥ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ወራት የብዙ የቀን ሠራተኞችን ጉልበት ይጠይቃሉ። ከደጋው ወረዳዎች ወጣቶችና ባለትዳሮች ወደ ቆላው ይወርዳሉ፤ ከቤተሰብ ተለይተው ወራት ይቆያሉ፤ ገንዘብ በእጃቸው ይገባል፤ በትናንሽ ከተሞች መጠጥ ቤቶች ያመሻሉ። ከእነርሱ አንዱ በጨብጥ ወይም በቂጥኝ ተይዞ፣ ጥቂት ክኒን ውጦ ምልክቱ ሲጠፋለት የዳነ መስሎት ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። በዓመቱ የምትታመመው ሚስቱ ናት። እርስዋ ከመንደሯ ወጥታ አታውቅም፤ ከባሏም ሌላ ሰው አታውቅም። ሆኖም ጉዳቱ በእርስዋና በምትፀንሰው ልጅ ላይ ይደርሳል።

ያለ ዕድሜ ጋብቻም ይህን አደጋ ያባብሰዋል። አካሏ ያልጠነከረ ልጃገረድ የማኅፀን አንገቷ ለበሽታ በቀላሉ የሚበገር ነው። ባሏም ብዙ ጊዜ በዕድሜ የሚበልጣትና ከእርስዋ በፊት ሌሎች ሴቶችን ያወቀ ይሆናል። እርስዋ ግን «ተመርመር» ብላ ልትጠይቀው የምትችልበት ድፍረትም ሥልጣንም የላትም። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ መደንገጉ ከትምህርትና ከእኩልነት መብት በተጨማሪ ለጤንነትም ትልቅ ጠቀሜታ ያለው ነው።

መካንነት

ካልታከመ በሽታው በማኅፀን አንገት ላይ ተወስኖ አይቀርም። ባክቴሪያው ቀስ በቀስ ወደ ማኅፀንና ከዚያም እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣል። ቱቦዎቹ ይቆጣሉ፤ ይቆስላሉ፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ቱቦውን ፈጽሞ ከዘጋው የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል ሊገናኙ ስለማይችሉ ሴቲቱ መካን ትሆናለች። በከፊል ካጠበበው ደግሞ ፅንሱ ወደ ማኅፀን ሳይደርስ በቱቦው ውስጥ ሊያድግ ይችላል። ይህ ከማኅፀን ውጭ እርግዝና የሚባለው ሲሆን፣ ቱቦው ሲፈነዳ ብዙ ደም በሆድ ውስጥ ስለሚፈስ፣ ከሆስፒታል ርቃ የምትኖር እናት ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች።

በገጠር ልጅ የቤት ደስታ ብቻ አይደለም፤ በእርሻ ረዳት፣ በእርጅና ጧሪ ነው። ስለዚህ ልጅ ያልወለደች ሴት ብዙ መከራ ይደርስባታል። «መካን» ትባላለች፤ ትፈታለች፤ ወይም በላይዋ ሌላ ሚስት ይመጣባታል። ቱቦዋን የዘጋው ግን ባሏ ከውጭ ያመጣው ጨብጥ ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ ጨብጥ የወንዱን የዘር መተላለፊያ ሊዘጋ ስለሚችል፣ መካኑ ራሱ ባልየው የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሚስት ቢለውጥም ልጅ አያገኝም፤ በሽታው በላዩ ካለ ግን ለአዲሲቱ ሚስትም ያስተላልፍባታል።

ይህ ነገር ከአንድ ቤት አልፎ የአንድን አውራጃ የሕዝብ ቁጥር ሊለውጥ እንደሚችል በኡጋንዳ ታይቷል። በምሥራቅ ኡጋንዳ በምትገኘው በቴሶ የሚወለዱት ልጆች ቁጥር አነስተኛ ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በአንኮሌ ግን ከፍተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች የሁለቱን አውራጃዎች የገጠር ሕዝብ መርምረው ባነጻጸሩ ጊዜ፣ ጨብጥ በቴሶ ከአንኮሌ ይልቅ እጅግ በዝቶ አገኙት። በየመንደሩ እርግማን ወይም የዕድል ነገር ይመስል የነበረው የልጅ ማጣት ዋነኛ ምክንያቱ መድኃኒት ያለው በሽታ ነበር ማለት ነው።

በፅንስና በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ቂጥኝ ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጅ በኩል በደም ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ፅንሱ ሊወርድ፣ ልጁ ሞቶ ሊወለድ፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል። በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በምዋንዛ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በደማቸው ውስጥ ጽኑ ቂጥኝ ተገኝቶባቸው ሳይታከሙ ከወለዱት እናቶች መካከል ከአራቱ አንዷ ያህል ልጇ ሞቶ ተወልዷል። በእርግዝናቸው ጊዜ ተመርምረው አንድ የፔኒሲሊን መርፌ የተወጉት ግን ቂጥኝ ከሌለባቸው እናቶች የተለየ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

ጨብጥና ክላሚዲያ ደግሞ ሕፃኑን የሚያገኙት በሚወለድበት ጊዜ ነው። ሕፃኑ በማኅፀን አንገት በኩል ሲያልፍ ባክቴሪያው ወደ ዓይኑ ይገባል። በተለይ ጨብጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሕፃኑን ዓይን በመግል ሞልቶ ሊያሳውር ይችላል። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ የሚገኘው የማዋለጃ ሆስፒታል ሐኪም ካርል ክሬዴ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚወለዱት ሕፃናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ በፊት በሆስፒታሉ ከሚወለዱት መቶ ሕፃናት አሥሩ ያህል በዚህ የዓይን ሕመም ይያዙ ነበር፤ ጠብታው ከተጀመረ በኋላ ግን ቁጥሩ ከመቶው ከአንድ በታች ወረደ። ዛሬ በኢትዮጵያ በጤና ተቋም ለሚወለድ ሕፃን በዚያው ሰዓት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይደረግለታል። በቤት የሚወለደው ሕፃን ግን ይህን ጥበቃ ያጣል።

የአባለ ዘር በሽታዎችና ኤች.አይ.ቪ.

ቁስልና የቆጣ ሥጋ ለኤች.አይ.ቪ. በር ይከፍታሉ። ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ያለበት ሰው ቫይረሱን በቀላሉ ይቀበላል፤ በቀላሉም ያስተላልፋል። በዚያው በምዋንዛ ገጠር ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። 12 ማኅበረሰቦች በስድስት ጥንድ ተከፈሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ በአንዱ ውስጥ፣ በነበረው ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ሠራተኞች የአባለ ዘር በሽታዎችን በሚገባ እንዲያክሙ ሠለጠኑ፤ መድኃኒት ሳይቋረጥ እንዲደርስ ተደረገ፤ ሕዝቡም ፈጥኖ እንዲታከም ተመከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእነዚህ ስድስት ማኅበረሰቦች በአዲስ በኤች.አይ.ቪ. የተያዙት ሰዎች 1.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 1.9 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱም ወደ 40 በመቶ ይጠጋል።

በኋላ በሌሎች ቦታዎች የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ኤች.አይ.ቪ.ን በዚህ መጠን ለመቀነስ አልቻሉም። ሆኖም በኡጋንዳ፣ በራካይ ገጠር፣ የአባለ ዘር በሽታዎች ሕክምና የተሰጣቸው ነፍሰ ጡሮች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደትና በሕይወት የመቆየት ዕድል መሻሻሉ ተረጋግጧል። ከምዋንዛ የሚገኘው ሌላው ትምህርት ደግሞ ሥራው የተሠራው በአዳዲስ ሆስፒታሎች ሳይሆን በነበሩት ትናንሽ የገጠር ጤና ጣቢያዎች መሆኑ ነው።

ሕክምናው ትናንትና ዛሬ

ቀደም ባለው ዘመን ለቂጥኝ የሚሰጠው መድኃኒት ባዜቃ ነበር። ባዜቃ ግን መርዝ በመሆኑ በሽተኛውን ራሱን ይጎዳው ነበር። በኢትዮጵያም ብዙ ሕመምተኞች ወደ ፍል ውሃ እየሄዱ ይታጠቡ፣ የዕፀዋት ሥርም ቀጥቅጠው ይጠጡ ነበር። ፍል ውሃ ቁስልን ያጠራል፤ አካልንም ያፍታታል፤ በደም ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ግን ሊገድል አይችልም። የቂጥኝ ቁስል በራሱ ጊዜ የሚደርቅ በመሆኑም፣ ያዳነው የተወሰደው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ይታመን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ከጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ጋር ያገኘው ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ ቀረበ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ባገኘው በፔኒሲሊን ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማሆኒ ቂጥኝ በፔኒሲሊን እንደሚድን አሳየ። ዛሬም ቢሆን ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ሕመሙ አዲስ ከሆነ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ ይበቃል፤ ከቆየ ደግሞ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

የጨብጥ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጨብጥ ባክቴሪያ መድኃኒትን የመልመድ ችሎታ አለው። ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ የጨብጥ ዓይነት በ1976 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ መድኃኒቶች በተራ በተራ ኃይላቸውን አጡ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሰዎች መድኃኒትን በሥርዓት አለመውሰዳቸው ነው። ከገበያ በልብስ ኪስ የመጣ ክኒን መዋጥ፣ ለአንድ ሰው የታዘዘውን ባልና ሚስት ተካፍለው መውሰድ፣ ሕመሙ ሲቀልል የቀረውን ማስቀመጥ፤ እነዚህ ሁሉ ደካማውን ባክቴሪያ ገድለው ብርቱውን ያተርፋሉ። ስለዚህ መድኃኒት በጤና ባለሙያ ታዝዞ፣ በታዘዘው መጠንና ጊዜ መፈጸም አለበት።

ሌላው ዋና ደንብ ባልና ሚስት በአንድነት መታከም የሚገባቸው መሆኑ ነው። ሚስት ብቻዋን ታክማ ባል ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይይዛታል። ይህም በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ድካሙ ይኖራል፤ ውኃው ግን ቤት አይደርስም።

ሃፍረትን ማሸነፍ

በብዙ መንደሮች ጨብጥ የሚይዘው በጨረቃ ፊት በመሽናት ወይም ፀሐይ ባሞቀው ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ አባባል ሕመምተኛውን ከሃፍረት ለጊዜው ያድነው ይሆናል፤ ነገር ግን በሽታው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ስለሚሰውር ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል። በሌላ በኩል ደግሞ በሽታውን የኃጢአት ምልክት ብቻ አድርጎ መመልከት ሕመምተኛዋን ከጤና ጣቢያ ደጅ ይመልሳታል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ለገጠር ሴት ከጤና ጣቢያ የሚያግዳት ሃፍረት ብቻ አይደለም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጆቹንና ከብቱን የሚጠብቅላት የለም፤ ገንዘቡም በባሏ እጅ ነው። ጤና ጣቢያ ደርሳም ወንድ ሐኪም ፊት ሕመሟን መናገር ይከብዳታል። ይህን ችግር ለማቃለል በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በዚህ ፕሮግራም መሠረት ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች ተመድበው፣ በጤና ኬላና በየቤቱ እየዞሩ ያስተምራሉ። ከዚያው ከአካባቢው የተገኙና ሴቶች በመሆናቸው፣ አንዲት እናት ለሌላ ሰው የማትናገረውን ለእነርሱ ልትናገር ትችላለች።

ምልክት የማያሳየውን በሽታ ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ የእርግዝና ክትትል ነው። ለቂጥኝ ምርመራ ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል፤ ውጤቱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ምርመራው በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ሲደረግ ጥቅሙ የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም መርፌው ከወሊድ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ካልተሰጠ ፅንሱን በሚገባ ለመጠበቅ ጊዜ አይበቃም። እርግዝናን እስኪገፋ ድረስ መደበቅ በብዙ ቦታ የተለመደ በመሆኑ፣ ይህን ልማድ ማስተው የልጅን ሕይወት ማዳን ነው።

መከላከያውም የታወቀ ነው። ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሙሽራውም ሙሽራይቱም ቢመረመሩ፣ ከጋብቻ በኋላ አንድ ለአንድ ተወስነው ቢኖሩ፣ ይህ በማይሆንበት ጊዜም ኮንዶም በትክክል ቢጠቀሙ በሽታው መንገድ ያጣል። ከቤቱ ርቆ ለሥራ የሄደ ባል ወደ ትዳሩ ከመመለሱ በፊት መመርመሩ ደግሞ ለሚስቱና ለልጆቹ ያለበት ግዴታ ነው። የጤና ጠባቂው ግዴታ የሕመምተኛውን ምሥጢር መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ የባከነ ምሥጢር ብዙ ሴቶችን ከጤና ጣቢያ ያርቃል።

ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያና ከርክር ከታወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ መድኃኒታቸውም ተገኝቷል። የጎደለው በሽታውን ከሴቲቱ ጋር፣ ሴቲቱን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው። ይህም የሚገኘው ሚስት ሳትፈራ ስትናገር፣ ባል ሳይቆጣ አብሮ ሲመረመር፣ ነፍሰ ጡር በጊዜ ወደ ጤና ኬላ ስትሄድና ጎረቤት ከሐሜት ሲቆጠብ ነው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር ለሁሉም በሽታ የሚሠራ ቢሆንም፣ ሕመሙን ሳይናገር ለሚገባ በሽታ ከሁሉ ይልቅ ይሠራል።